ሰም ያዘለው ድፍድፍ ከሆይማ እስከ ታንጋ፦ የምሥራቅ አፍሪካ የነዳጅ ቧንቧ የጉዳይ ጥናት

በኡጋንዳ አልበርት ሐይቅ ዳርቻ የሚወጣው ድፍድፍ ነዳጅ ሰልፈሩ አነስተኛ ነው፤ ማጣሪያዎች የሚወዱት ዓይነት ነው። ችግሩ ሰሙ ነው። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መፍሰሱን ያቆማል። በብርጭቆ ቀድቶ ሆይማ ላይ ያሳደረው ሰው ጠዋት ብርጭቆውን ቢገለብጠው ጠብ አይልም። ይህን ድፍድፍ 1,443 ኪሎ ሜትር አሻግሮ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር መርከብ ላይ ለመጫን የታሰበው መስመር የምሥራቅ አፍሪካ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ይባላል፤ በአጭሩ ኢኮፕ። ከዚህ መስመር ጋር ተያይዞ የሚነሳው ክርክር በአብዛኛው የፖለቲካና የአየር ንብረት ነው፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። መስመሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስወጣና ወደፊት የት ላይ እንደሚፈተን ለመረዳት ግን ከሙቀቱ መጀመር ይሻላል። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤትነቱ እንዴት እዚህ ደረሰ

ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ መኖሩ የተረጋገጠው በ2006 ነው። የኡጋንዳ መንግሥት ግምት በመሬት ውስጥ ያለውን 6.5 ቢሊዮን በርሜል፣ ሊወጣ የሚችለውን ደግሞ 1.4 ቢሊዮን በርሜል ያደርገዋል። በ2012 ቱሎው የተባለው ኩባንያ ከይዞታው ሁለት ሦስተኛውን በ2.9 ቢሊዮን ዶላር ለፈረንሳዩ ቶታል እና ለቻይናው ሲኖክ ሸጠ። ከዚያ ወዲያ ሦስቱም እኩል ድርሻ ይዘው ቀጠሉ።

ቱሎው በ2017 መጀመሪያ ላይ ከቀረው ድርሻ አብዛኛውን በ900 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። ሽያጩ ግን በግብር ጉዳይ ተያዘ። ከሽያጩ ትርፍ ምን ያህሉ ለኡጋንዳ መንግሥት ይከፈል፣ ገዢዎቹስ የከፈሉትን ገንዘብ በኋላ ከግብር መቀነስ ይችላሉ ወይ በሚለው ላይ መንግሥቱና ኩባንያዎቹ መግባባት ስላልቻሉ ስምምነቱ በነሐሴ 2019 ፈረሰ። በመስከረም ቶታል የቧንቧውን ሥራ አቆመ። ይህ ማቆም የቢሮ ውሳኔ ይመስላል፤ በመስመሩ ዳር ላሉ ገበሬዎች ምን እንዳስከተለ ግን በኋላ እንመለስበታለን። በሚያዝያ 2020 የነዳጅ ዋጋ ወድቆ በነበረበት ወቅት ቱሎው ያለውን ሁሉ በ575 ሚሊዮን ዶላር ለቶታል ለቀቀ። ሻጩ በችግር ላይ ነበር፤ ገዢውም ያንን ያውቃል።

አሁን ያለው አሰላለፍ ይህ ነው። በነዳጅ ማውጣቱ በኩል ቶታልኢነርጂስ (የቶታል አዲሱ ስሙ ነው) 56.67 በመቶ፣ ሲኖክ 28.33 በመቶ፣ የኡጋንዳ ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ 15 በመቶ ይዘዋል። በቧንቧው ላይ ደግሞ ቶታልኢነርጂስ 62 በመቶ፣ የኡጋንዳው ኩባንያና የታንዛኒያ ፔትሮሊየም ልማት ኮርፖሬሽን እያንዳንዳቸው 15 በመቶ፣ ሲኖክ 8 በመቶ ብቻ። ልብ በሉ፣ ከነዳጁ ከሩብ በላይ ያለው ኩባንያ ከቧንቧው አንድ አሥረኛ እንኳ አልያዘም። ብድር ሲጠፋ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ ቁጥር ይነበባል።

ቧንቧውን የሚመግቡት ሁለት ይዞታዎች ናቸው። በሰሜን ያለው ቲሌንጋ በቀን 190,000 በርሜል የሚጠበቅበት፣ ከ400 በላይ ጉድጓዶች የሚቆፈሩለትና ከፊሉ መርቺሰን ፏፏቴ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኝ ነው። በደቡብ ያለው ኪንግፊሸር 40,000 በርሜል ይጠበቅበታል። ከቲሌንጋ 95፣ ከኪንግፊሸር 46 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ መጋቢ ቧንቧዎች ሆይማ አቅራቢያ ካባሌ ላይ ይገናኛሉ። ዋናው መስመር የሚነሳው ከዚያ ነው። ለኡጋንዳ የታቀደው በቀን 60,000 በርሜል የሚያጣራው ፋብሪካም እዚያው ነው፤ ሲሠራ ከዚሁ ነዳጅ ይቀዳል።

ለምን ታንጋ?

ቀድሞ የታሰበው በኬንያ በኩል ወደ ላሙ መውጣት ነበር፤ የቱርካናን ድፍድፍ አብሮ ለማጓጓዝም ይመቻል። የኬንያው ድፍድፍም ሰማም ነው። በ2018 ከሎኪቻር ወደ ሞምባሳ በመኪና ሲጓጓዝ ሙቀት በሚይዙ ታንኮች ነበር የተጫነው። በዚያ መንገድ ቢሄድ ኖሮ የማሞቁ ችግር አይቀርም ነበር ማለት ነው።

በሚያዝያ 2016 ኡጋንዳ ታንዛኒያን መረጠች። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። በላሙ አካባቢ የአልሸባብ ስጋት አለ። የታንጋ ወደብ ደግሞ ሥራ ላይ ያለ ወደብ ነው። ሦስተኛው ብዙ የማይወራለት የመሬት ሕግ ነው፤ በታንዛኒያ መሬት የሕዝብ ሆኖ በፕሬዚዳንቱ አደራ የተያዘ በመሆኑ ረጅም ኮሪደር ለማስለቀቅ በግል ይዞታ ከተከፋፈለ አገር ይቀላል። ከ1,443 ኪሎ ሜትሩ ኡጋንዳ ውስጥ የሚውለው 296 ብቻ ነው፤ የቀረው 1,147 ታንዛኒያ ነው። መንገዱ የካጌራን ወንዝ ተሻግሮ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተ ምዕራብና ደቡብ ዞሮ በመካከለኛው አምባ ላይ ያልፍና ከታንጋ በስተሰሜን ባለው የቾንጎሌያኒ ልሳነ ምድር ያበቃል። ከመስመሩ ሲሶ ያህሉ፣ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የቪክቶሪያ ሐይቅ ተፋሰስ ውስጥ ነው። ተቃዋሚዎች ደጋግመው የሚያነሱት ይህን ነው፤ መሐንዲሶችም ቢሆኑ የመዝጊያ ቫልቮችን ሲደለድሉ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው።

የሙቀት ሂሳብ

ቧንቧው 24 ኢንች ስፋት አለው፤ በላዩ 70 ሚሊ ሜትር ያህል ሙቀት የሚይዝ የፖሊዩሬቴን ፎም፣ በፎሙ ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ ልባስ ተደርጎበት ይቀበራል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ኬብልም አብሮት ይሄዳል። ዓላማው ድፍድፉ ከ50 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ነው። ከዚህ በፊት በዓለም ረጅሙ ሲባል የነበረው በማሞቂያ የሚሠራ መስመር በሕንድ ራጃስታን የሚገኘው የማንጋላ ቧንቧ ነበር፤ ርዝመቱ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይኼኛው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል።

ቁጥሮቹን በግምት እንሥራቸው። የፎሙ የሙቀት ማስተላለፍ አቅም 0.03 ዋት በሜትር በዲግሪ ይሁን፤ ዙሪያውን ያለው አፈር 25 ዲግሪ፣ ድፍድፉ 60 ዲግሪ ነው እንበል። ፎሙና አፈሩ ሙቀት እንዳያልፍ የሚያደርጉትን ተቃውሞ ደምረን ስናሰላ እያንዳንዱ ሜትር ቧንቧ 25 ዋት ያህል ሙቀት ወደ አፈር ይለቃል። ለአንድ ሜትር ምንም ማለት አይደለም፤ በ1,443 ኪሎ ሜትር ሲባዛ ግን 36 ሜጋዋት ነው።

ደግነቱ ይህ ሁሉ በኬብል አይተካም። ድፍድፉ በቀን 216,000 በርሜል ሲፈስ፣ ማለትም በሴኮንድ 1.5 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር የሚፈጥረው ሰበቃ ራሱ ሙቀት ይሆናል። የግፊት መቀነሱ በኪሎ ሜትር 0.35 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ በሙሉ ርዝመቱ 500 ባር ይደርሳል። አንድ ፓምፕ ጣቢያ ከ80 ባር ጥቂት ከፍ ያለ ቢሰጥ ስድስት ጣቢያ ያስፈልጋል። የታቀደውም ስድስት ነው፤ ሁለቱ ኡጋንዳ፣ አራቱ ታንዛኒያ። ያ ሁሉ የፓምፕ ጉልበት ወደ ሙቀት ሲለወጥ በሜትር 14 ዋት ይሆናል። ስለዚህ በሙሉ ፍሰት ከሚጠፋው 25 ዋት ከግማሽ በላዩን ፓምፖቹ ይሸፍኑታል፤ ለማሞቂያው የሚቀረው 11 ዋት ነው።

ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስስ? ወደ አፈር የሚወጣው ሙቀት በፍሰቱ መጠን አይለወጥም፤ አሁንም 25 ነው። የሰበቃው ሙቀት ግን ወደ 2 ዋት ይወርዳል፤ የሰበቃው ጉልበት ከፍሰቱ ጋር እኩል ሳይሆን ከሱ በብዙ ፈጥኖ ነው የሚወድቀውና። ጉድለቱ ከ11 ወደ 23 ዋት ይወጣል። ያንን ጉድለት የሚሸከመው የድፍድፍ መጠን ደግሞ ግማሽ ሆኗል። ያለ ማሞቂያ በሙሉ ፍሰት በየ100 ኪሎ ሜትሩ 1.6 ዲግሪ የሚቀዘቅዘው ድፍድፍ በግማሽ ፍሰት 6.6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አራት እጥፍ ነው። ቧንቧው ነዳጅ ሲያንሰው የባሰ ማገዶ የሚፈልግ ምድጃ ነው።

በድንገት ቢቆምስ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሚፈራው የተሻለ ነው። ፎሙ በደረቅነቱ ከቆየ 60 ዲግሪ ላይ የቆመ ድፍድፍ በመጀመሪያው ቀን 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ወደ 40 ዲግሪ ለመድረስ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የኃይል መቋረጥን ወይም የአንድ ፓምፕ ጥገናን ለማለፍ በቂ ጊዜ ነው። ከሳምንት በላይ ማሞቂያውም ከተቋረጠ ግን ሰሙ መረብ ይሠራል፤ ድፍድፉን እንደገና ለማንቀሳቀስ ያንን መረብ የሚሰብር ተጨማሪ ግፊት ያስፈልጋል። ቧንቧው ከሚችለው ግፊት በላይ ከሆነ ደግሞ መስመሩን በአጭር በአጭር ከፍሎ እያሞቁ ማስነሳት ነው። ማሞቂያ ኬብሉ ዋጋውን የሚያስመሰክረው በዚያን ቀን ነው።

ከዳሬሰላም ወደብ እስከ ቦዩ

ብረቱ ከቻይና ተመርቶ በመርከብ ዳሬሰላም ይደርሳል። እያንዳንዱ ቧንቧ 18 ሜትር ርዝመት አለው። ለመላው መስመር 80,000 ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ አንዱ ሦስት ቶን አካባቢ ይመዝናል። ከወደቡ ወደ መካከለኛው ታንዛኒያ፣ ታቦራ ክልል ንዜጋ ወረዳ ሶጆ ወደሚባል ቦታ ይጓዛል። እዚያ ለዚህ ሥራ ብቻ የተተከለ ፋብሪካ አለ፤ በመጋቢት 2024 ተመርቋል። መሬቱ ላይ የሚደረደረው ቧንቧ ፎሙንና ልባሱን ለብሶ የሚወጣው ከዚያ ነው። ቦታው ከመስመሩ መካከል መሆኑ ብልሃት አለው፤ ፎም የለበሰ ቧንቧ ከባዶ ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ በቀላሉም ይቆስላል፤ ከወደብ ለብሶ ቢነሳ ግማሹ ቆስሎ ይደርስ ነበር።

በግንባታው መስክ ተራው የታወቀ ነው። ኮሪደሩ በ30 ሜትር ስፋት ይመነጠራል፤ ለም አፈሩ ለብቻ ይከመራል፤ ቧንቧው ይደረደራል፤ በኮረብታው መታጠፊያ ልክ ይጎብጣል፤ ይበየዳል፤ ይፈተሻል፤ መጋጠሚያው ይለበሳል፤ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ይቀበራል። ለም አፈሩን ለይቶ ማቆየት ቀላል ይመስላል፤ በዝናብ ወቅት በጥድፊያ የሚሠራ ቡድን መጀመሪያ የሚዘለው ግን እሱን ነው። በኋላ ቦዩ ላይ በቆሎ የማይበቅለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው መጋጠሚያው ነው። ፋብሪካው ፎሙን እስከ ጫፍ አያደርሰውም፤ በየጫፉ ለበያጁ የሚሆን ራቁት ብረት ይተዋል። ከብየዳው በኋላ ስፌቱ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ ይታያል። ቀጥሎ ብረቱ በአሸዋ ተነፍቶ እስኪነጣ ይጸዳል፤ የዝገት መከላከያው ይቀባል፤ የማሞቂያው መስመር ከሁለቱም ወገን ይገናኛል፤ በዙሪያው እጅጌ የመሰለ ልባስ ይጠለቅና በቀዳዳ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ይፈስበታል። ፈሳሹ በውስጥ አብጦ ፎም ይሆናል። ቀዳዳው በሙቀት ይደፈናል።

ይህ ሥራ 80,000 ጊዜ ይደገማል። ጉድለቱ ደግሞ ከላይ አይታይም። ብረቱ ጠዋት ጤዛ ኖሮበት ከተለበሰ መከላከያው አይያዝም። የሁለቱ ፈሳሾች መጠን ካልተመጣጠነ ፎሙ ውስጡ ባዶ ይቀራል። እጅጌው ጫፉ ላይ ካልታሸገ የከርሰ ምድር ውኃ ይገባል። የረጠበ ፎም ሙቀት አይከለክልም፤ ያ ብቻ ቢሆን ኤሌክትሪክ በመጨመር ይታለፍ ነበር። የከፋው ነገር ሌላ ነው። የተቀበረ ቧንቧን ከዝገት ለመጠበቅ በአፈር ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ይላካል። ፎም ግን ኤሌክትሪክንም ይጋርዳል። ሞቃት ብረት፣ የታሰረ ውኃና መከላከያ የማይደርስበት ቦታ አንድ ላይ ሲገናኙ ዝገቱ ይፋጠናል፤ ከውጭ የሚለካው መሣሪያም ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ሊያገኘው የሚችለው ፒግ የሚባለው በቧንቧው ውስጥ የሚጓዝ መርማሪ መሣሪያ ነው፤ እሱም ውፍረቱ ከቀነሰ በኋላ። ስለዚህ በየመጋጠሚያው የአየሩን እርጥበት፣ የብረቱን ሙቀት፣ የፈሳሹን መጠንና የሠራተኛውን መለያ ቁጥር የሚመዘግብ ወረቀት ከብየዳው ወረቀት እኩል መጠበቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የብየዳው በጥብቅ ይያዛል፣ የልባሱ በቸልታ ይታለፋል።

ሙቀቱ ብረቱንም ይገፋዋል። በ25 ዲግሪ የተቀበረ ቧንቧ በ65 ዲግሪ ሲሠራ ነፃ ቢሆን በየኪሎ ሜትሩ 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። አፈሩ ስለያዘው አይረዝምም፤ በምትኩ ወደ 100 ሜጋፓስካል የሚጠጋ የመጨናነቅ ጫና ይሸከማል። ቀጥ ባለ ሜዳ ችግር የለውም። በኮረብታ ጫፍ ላይ ግን ወደ ላይ ለመውጣት ይፈልጋል፤ በላዩ ያለው አፈር በዝናብ ከተሸረሸረ እንደ ቀስት ጎብጦ ብቅ ይላል። ስለዚህ በኮረብታ አናት ጥልቀቱ ይጨመራል፤ ሙላቱም በደንብ ይጠቀጠቃል። በፓምፕ ጣቢያ መግቢያ ደግሞ ብረቱ ነፃ ስለሚሆን መረዘሙን የሚይዝ መልህቅ ወይም የሚታጠፍ ቅርጽ ያስፈልጋል።

የውኃ ግፊት ፍተሻውም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ኪሎ ሜትር ቧንቧ 264 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይይዛል። ደረቅ በሆነው መካከለኛ ታንዛኒያ ይህ ቀላል አይደለም፤ ከወንዝ መቅዳት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያንኑ ውኃ ከክፍል ወደ ክፍል እያስተላለፉ መጠቀም ግድ ነው። በአንድ ፍተሻ ውስጥ የ200 ሜትር የከፍታ ልዩነት ካለ ታችኛው ጫፍ ከላይኛው 20 ባር ይበልጣል፤ ስለዚህ ተዳፋት ባለበት ክፍሎቹ ያጥራሉ፣ ቁጥራቸውም ይበዛል። ይኸው የከፍታ ነገር በሥራ ጊዜም አለ። ከ1,000 ሜትር በላይ ካለው አምባ ወደ ባሕር ዳር ሲወረድ የፈሳሹ ክብደት ብቻ 85 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል። ሁለት የግፊት መቀነሻ ጣቢያዎች የተጨመሩት ለዚህ ነው። ድፍድፉ ቆሞ ሳለ ቁልቁለቱን ዝም ብሎ ቢተዉት ታችኛው ቧንቧ ከሚችለው በላይ ይሸከማል።

በቾንጎሌያኒ እያንዳንዳቸው 500,000 በርሜል የሚይዙ አራት ታንኮች አሉ። በድምሩ 2 ሚሊዮን በርሜል ነው፤ የአንድ ግዙፍ ታንከር ጭነት ያህል። መርከቡ ከባሕሩ ውስጥ በተዘረጋው ረጅም መጫኛ ጫፍ ላይ ይቆማል።

መሬቱና የቆየው ካሳ

30 ሜትር በ1,443 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 4,300 ሄክታር አካባቢ ነው። ስፋቱ ለአንድ ትልቅ እርሻ የሚበቃ ቢሆንም ቀጭን ክር በመሆኑ በሁለቱ አገሮች ከ13 ሺህ በላይ ባለይዞታዎችን ይነካል። አብዛኞቹ መኖሪያቸውን አይለቁም፤ ከማሳቸው ቁራጭ ይሄዳል። ሰው እንደሚገምተው ችግሩ የካሳው ተመን ማነስ ብቻ አይደለም፤ ተመኑ የታሰረበት ቀን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገማቾች ማሳውን ለክተው፣ ዛፉን ቆጥረው፣ ቤቱን ፎቶ አንስተው ቅጽ ያስፈርማሉ። ከዚያ ቀን በኋላ የተተከለ ነገር አይቆጠርም። ባለይዞታው ቡና፣ ሙዝ ወይም ሌላ ቋሚ ተክል እንዳይጨምር፣ ቤት እንዳይሠራ ይነገረዋል፤ በአጭር ጊዜ የሚደርስ ሰብል ብቻ ይፈቀድለታል። ክፍያው በወራት ውስጥ ከተከተለ አሠራሩ ፍትሐዊ ነው፤ ግምቱ ከታወቀ በኋላ ካሳ ለማግኘት ብሎ ችግኝ የሚያጠጋጋውን ይከላከላል።

በኡጋንዳ በኩል ቆጠራው የተካሄደው በ2018 እና በ2019 ነበር። በመስከረም 2019 የግብሩ ክርክር ሥራውን አቆመው፤ ቀጥሎ ወረርሽኙ መጣ፤ ዋነኞቹ ስምምነቶች የተፈረሙት በሚያዝያ 2021 ነው፤ የመጨረሻው የኢንቨስትመንት ውሳኔ የካቲት 1 ቀን 2022 ተላለፈ። ብዙው ካሳ እጅ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። በመካከል ያለው ሰው አርጅቶ የሚነቀለውን ሙዝ መተካት አልቻለም፤ ማሳውን አስይዞ መበደርም ሆነ ማከራየት ከበደው። በኡጋንዳ የመሬት ሕግ በካሳው ላይ የመፈናቀያ ጭማሪ አለ፤ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያው ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 15 በመቶ፣ ከስድስት ወር በታች ከሆነ 30 በመቶ። ሕጉ የተጻፈው ሰው ቶሎ ውጣ እንዳይባል ነው፤ ሳይወጣም ሳይተክልም ዓመታት የሚጠብቅን ሰው አላሰበም።

ለሚቀጥለው እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው። የማሳው ቆጠራ የኢንቨስትመንት ውሳኔውን መከተል እንጂ መቅደም የለበትም፤ ወይም ቢያንስ ቅጹ ላይ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ ያ ቀን ካለፈ እገዳው በራሱ ይነሳ፣ ግምቱም እንደገና ይሠራ። ወጪው ከመዘግየቱ ከሚመጣው ክስ አይበልጥም። በ2019 ፈረንሳይ ውስጥ ቶታል ላይ በተመሠረተው ክስ ከቀረቡት ቅሬታዎች አንዱ ይኸው የመሬትና የካሳ ጉዳይ ነበር። የፓሪስ ፍርድ ቤት በየካቲት 2023 ክሱን በሥነ ሥርዓት ምክንያት አልተቀበለውም፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሌላ ክስ ቀረበ። የአውሮፓ ፓርላማም በመስከረም 2022 ፕሮጀክቱን የሚነቅፍ የውሳኔ ሐሳብ አሳልፏል።

ገንዘቡ

የቧንቧው ወጪ መጀመሪያ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር፤ ኋላ 5 ቢሊዮን ደረሰ፤ ከዚያም አለፈ። ነዳጅ ማውጫዎቹ ሲደመሩ ኢንቨስትመንቱ በ2022 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተብሎ ነው የተነገረው። ከፊሉ በባንክ ብድር እንዲሸፈን ታስቦ ነበር። ሆኖም የአየር ንብረት ዘመቻው ሲጠነክር በርካታ የአውሮፓና የጃፓን ባንኮች እጃቸውን አወጡ። ባለአክሲዮኖቹ ግንባታውን ከኪሳቸው አስቀጠሉ። የመጀመሪያው የውጭ ብድር የተገኘው በመጋቢት 2025 ነው፤ አበዳሪዎቹም አፍሬክሲምባንክ፣ ስታንዳርድ ባንክ፣ የኡጋንዳው ስታንቢክ፣ የኡጋንዳው ኬሲቢ እና የእስላማዊ ልማት ባንክ ቡድን የግሉ ዘርፍ ክንድ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሥራው ከግማሽ አልፏል። ይህ ቅደም ተከተል ለ15 በመቶ ባለድርሻ መንግሥታት ከባድ ነው፤ ብድር ሲዘገይ የድርሻቸውን ጥሬ ገንዘብ ከበጀት ማውጣት አለባቸው። የመጀመሪያው ነዳጅ ቀንም አብሮ ተንሸራተተ፤ አንድ ሰሞን 2020 ይባል የነበረው በኢንቨስትመንት ውሳኔው 2025 ሆነ፣ ከዚያ ወደ 2026 ተገፋ።

ለማጓጓዣ የተያዘው ታሪፍ በበርሜል 12.77 ዶላር ነው። በሙሉ ፍሰት ለቧንቧው ኩባንያ በቀን 2.76 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ድፍድፍ በ60 ዶላር ሲሸጥ ከአምስት አንዱ ቧንቧ ውስጥ ቀርቷል። በ100 ዶላር ሲሸጥ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ሲከፈትና ሲቀንስ

መስመሩ እስኪሞላ ታንጋ ላይ አንድ በርሜል አይጫንም። ሆዱ 2.4 ሚሊዮን በርሜል ያህል ይይዛል። ጉድጓዶቹ በአንድ ቀን ሙሉ አቅማቸውን ስለማይሰጡ በቀን 50,000 በርሜል ቢጀመር ለመሙላት 48 ቀን ይፈጃል፤ ያ ሁሉ ድፍድፍ ተመርቶ ያልተሸጠ ነው። ከሙቀት አንጻርም ይህ ከባዱ ወቅት ነው። የመጀመሪያው ድፍድፍ የሚገባው ቀዝቃዛ ብረትና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ነው፤ ፍሰቱ ትንሽ በመሆኑ የሰበቃ ሙቀት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማሞቂያው ከድፍድፉ ቀድሞ መሥራት፣ እያንዳንዱ የማሞቂያ ክፍልም ነዳጅ ሳይደርስበት ሙቀቱን ይዞ መቆየቱን ማሳየት አለበት። አንድ ክፍል ቢበላሽ መጠገኛ ቦታ መቆፈር የሚቻለው ቧንቧው ባዶ ሳለ ነው። በፍሰቱ ግንባር የሚላከው ፒግም የሚገፋውን ሰም ፊቱ ላይ እየከመረ እንዳይታሰር ፍጥነቱና በፊቱ ያለው ግፊት በየጣቢያው መታየት ይኖርበታል።

ከዓመታት በኋላ ይኸው ሁኔታ ከሌላኛው ጫፍ ይመለሳል። 1.4 ቢሊዮን በርሜል በቀን 216,000 ቢወጣ 18 ዓመት አይሞላም፤ የነዳጅ ጉድጓድ ግን እንደ ቧንቧ ተከፍቶ ተዘግቶ አያልቅም፤ ጥቂት ዓመት ከፍ ብሎ ይቆይና ረጅም ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ማጣሪያው ሲሠራ እስከ 60,000 በርሜል ከዚያው ይወስዳል። ቧንቧው ከዕድሜው ብዙውን የሚያሳልፈው ከአቅሙ በታች ነው ማለት ነው፤ በሜትር 23 ዋት በሚፈልግበት፣ ታሪፉን ግን ከበርሜሎቹ ግማሽ ብቻ በሚሰበስብበት ሁኔታ።

መውጫ መንገዶች አሉ፤ ሁሉም ዋጋ አላቸው። ድፍድፉ መፍሰስ የሚያቆምበትን ሙቀት ዝቅ የሚያደርግ ኬሚካል ጨምሮ የ50 ዲግሪውን ወለል ወደ 45 ማውረድ ይቻላል፤ ከላይ ባለው ሂሳብ ይህ ብቻ ሙቀት ማጣቱን በሰባት አንድ ያህል ይቀንሰዋል፤ የኬሚካሉ ወጪ ግን በየበርሜሉ ነው። ድፍድፉን አጠራቅሞ በሙሉ ፍጥነት ለጥቂት ቀናት መግፋት፣ ከዚያ ማቆም ሌላው ነው። የሰበቃውን ሙቀት ያስመልሳል፣ ሳምንቱ ሳይሞላም ይነሳል። ይህ ግን ካባሌ ላይ ሰፊ ታንክ ይጠይቃል፤ ብረቱንም በየጊዜው ስለሚያሞቀውና ስለሚያቀዘቅዘው በኮረብታው አናት ያለው አፈር በየዓመቱ መፈተሽ አለበት። ሦስተኛው ሌላ ድፍድፍ መፈለግ ነው፤ በአካባቢው ያሉ አገሮች ነዳጅ ካገኙ በዚሁ መስመር እንዲልኩ። ከሦስቱ ነዳጁ መፍሰስ ሳይጀምር ሊወሰን የሚችለው የሁለተኛው ነው፤ ለተጨማሪ ታንክ የሚሆን ቦታና መግጠሚያ ካባሌ ላይ ከወዲሁ መተው የአንድ ፍላንጅ (የቧንቧ መግጠሚያ ቀለበት) እና የጥቂት ሄክታር ጉዳይ ነው። ነዳጁ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ግን ያንኑ መግጠሚያ ለመክፈት መስመሩን ማቆም ያስፈልጋል፤ ለማቆም ያለው ጊዜ ደግሞ ከላይ የተሰላው አንድ ሳምንት ነው።